የግብርናው ልጅ ሽቶና የባለቤቴ በግ

መንዝ ላይ ሰው ክንዱን ራቁቱን የሚያወጣው ሲታጠብ ብቻ ነው፤ ያውም ፈጠን ብሎ። ስለዚህ የግብርናው ልጅ በኅዳር ውርጭ እጀ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ከዘመሮ ከተማ ወደ ቀበሌያችን ሲመጣ፣ ያየነው ሁሉ መንገድ ላይ ተዘርፎ መሰለን። ጎረቤቴ አዝኖለት ቀረብ አለና፣

«ምን ወሰዱብህ ልጄ?» አለው።

ልጁ ሻንጣውን ነካ ነካ አደረገ። «ኧረ ምንም አልተወሰደብኝም። ሁሉም አለ።»

«እጅጌህስ?»

እንግዲህ አመጣጡ እንዲህ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው፣ በየቀበሌው የልማት ሠራተኛ የሚመደብበት ጊዜ ነው። ይህ ልጅ የከብትና የበግ ነገር ተምሮ፣ ለመጀመሪያ ሥራው እኛ ዘንድ ተመደበ። አገሩ መርሐቤቴ ነው፤ ዓለም ከተማ። እኔ ዓለም ከተማን አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ። በርኖሴን ለብሼ ወርጄ፣ በርኖሴን ተሸክሜ ነው የተመለስኩት። እዚያ ያለው ወንድ፣ መምህሩም የመንግሥት ሠራተኛውም፣ ፀሐይ በረድ ሲል ስስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከላይ ሁለት ቁልፍ ከፍቶ ይወጣል። እሱ ሳይደርስ ሽቶው ይደርሳል። አልነቅፍም። ላብ ያለበት አገር ነው፣ ሽቶ ቢኖር ደግ ነው። እኛ ዘንድ ላብ የሚታየው በአጨዳ ጊዜ ነው፤ እሱንም ግንባር ላይ ሳለ ነፋሱ ይወስደዋል።

ማደሪያ ሲፈለግለት፣ እኛ ግቢ አንዲት ትንሽ የድንጋይ ቤት ባዶዋን ነበረችና እሷ ውስጥ ገባ። በዚህ ምክንያት የልጁን ጠዋት ሁሉ በዓይኔ ነው የማውቀው።

አራት ሸሚዝ ነበረው። ነጭ፣ ዳማ ዳማ፣ አረንጓዴ፣ አራተኛው ደግሞ ውሃ ሰማያዊ ላይ ነጭ ጭረት ያለው። አራቱም እጀ ጉርድ። የከሰል ካውያ ይዞ ነው የመጣው። በነጋ ቁጥር ከሰል አቀጣጥሎ፣ እፍ እፍ ብሎ፣ ኮሌታውን መጀመሪያ፣ ቀጥሎ ትከሻውን፣ ቀጥሎ ጀርባውን ይተኩሳል። እኔ በዚያ ከሰል እጄን እሞቃለሁ። ስለ ልብሱ ብጠይቀው እንደ ትምህርት ቤት ነው የሚያስረዳኝ።

«አባባ፣ ሲሞቅ ነጭና ውሃ ሰማያዊ ነው የሚለበሰው። ጥቁር ፀሐይ ይስባል።»

«ታዲያ ጥቁር ልበሳ። እኛ ፀሐይ ተስቦ ቢመጣ መቼ ጠላን?»

ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ሸሚዙ ካለቀ በኋላ ሽቶው ነው። አረንጓዴ ጠርሙስ ነች፤ ወረቀቷ ላይ ሎሚ ተስሎባታል። በመዳፉ ጠብ ጠብ ያደርግና አንገቱን፣ ጉንጩን ጥፍ ጥፍ ያደርጋል፤ የተረፈውን መሐረቡ ላይ። ባለቤቴ መጀመሪያ ቀን በበሩ አይታው ደንግጣ መጣች። «ምን አጥፍቶ ነው ይሄ ልጅ ራሱን በጥፊ የሚመታው?» አለችኝ።

እኔ አንድ ነገር ከያዝኩ አልለቅም። ይህ ዐመሌ ነው፤ ባለቤቴ ከጋብቻችን ማግስት ጀምራ ትነግረኛለች። ያቺን ጠርሙስ ያዝኳት። በነጋ ቁጥር በሩ ላይ እቆማለሁ።

«ልጄ፣ ይሄ ውሃ ምን ይሠራል?»

«መንፈስ ያድሳል፣ አባባ።»

«ገብስ ያበቅላል?»

«አያበቅልም።»

«በግ ያድናል?»

«አያድንም።»

«እንግዲያው ዝንብ ለማባረር ነዋ።»

«ዝንብማ እዚህ መቼ አለ? ብርዱን ፈርቶ መርሐቤቴ ወርዷል።»

መልስ አያጣም። ነገር ግን ማግስቱን ያንኑ እጠይቀዋለሁ፤ ከማግስቱም ወዲያ። ያ ሁሉ ጥያቄ ልጁ ሆድ ውስጥ እንደሚቀመጥ አላሰብኩም። ሥራው ጥሩ ነበር፣ ልክ ነው። የሆድ ትል መድኃኒት አምጥቶ ብዙ በግ ያተረፈልን እሱ ነው። ችግሩ በጎቹ አይቀርቡትም። ያ የሎሚ ሽታ ሲመጣ አጥር ዘለው ይበታተናሉ፤ አንዷን በግ መድኃኒት ለማጠጣት ሦስት ሰው ሮጦ ይይዝለታል።

አሁን የባለቤቴን በግ ልንገራችሁ። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ጥቁር በግ ነች። ዘሯ ባለቤቴ ስትዳር ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከዚያ ቤት የቀረ ነገር ቢኖር ይህ የበግ ዘር ብቻ ነው። ያን ዓመት ግን ከዘሩ የቀረችው አንዷ ነች፤ ሌሎቹን በሽታ ጨረሳቸው። እሷም አርጅታለች፣ ጥርሷ አልቋል። ካሁን ወዲያ አትወልድም ብለን ነበር፣ አረገዘች። ባለቤቴ ወሩን በጣቷ ትቆጥራለች። ሴት ከወለደች ዘሩ ይቀጥላል፣ ወንድ ከወለደች ግን በእሷው ያበቃል። ጠዋት ጠዋት ከጸሎቷ በኋላ በረት ገብታ የበጓን ሆድ ትዳብሳለች። እኔ በዚህ አልቀለድኩም። በዚህ የሚቀለድ ሰው ምሳ አያገኝም።

አንድ ቀን ጠዋት እኔ አውድማ ሄጃለሁ፣ ባለቤቴ ውሃ ወርዳለች። ውርጩ ገና ሣሩ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ልጁ ብቻውን ግቢ ውስጥ ነው፤ ያንን ባለ ጭረት ሰማያዊ ሸሚዝ ተኩሶ፣ ሽቶውን ጨርሶ፣ ለስብሰባ ሊወጣ ነው። በጓ ከድንጋይ አጥሩ ሥር ተኛችና ወለደች። ሴት!

ልጁ ሮጠ። ትምህርት ቤት የተነገረው፣ ግልገል ስትወለድ እትብቷ በመድኃኒት ይጠረግ የሚል ነው። መድኃኒቱ ደግሞ አልቆበታል። ያን ጊዜ ሽቶው ውስጥ አልኮል እንዳለ ትዝ አለው። ኋላ እንደነገረኝ ከሆነ፣ ከአልኮሉ ጋር የኔም አፍ ትዝ ብሎታል፦ በግ ያድናል? ጠርሙሱን አምጥቶ እትብቷ ላይ አፈሰሰ። ግልገሏ በብርድ ስትንቀጠቀጥ ደግሞ አሳዘነችው፤ ደረቱ ላይ አቀፋትና በዚያ በመሐረቡ ከራሷ እስከ ጅራቷ አደራረቃት።

እኔ ከአውድማ ስመለስ ግልገሏን አቅፎ መሀል ግቢ ቆሟል። ፊቱ በርቷል።

«አባባ! ዛሬ ሽቶው በግ አዳነ!»

ግልገል እናቷ ሳትልሳት ሰው እንደማይነካት መንዝ ውስጥ የማያውቅ የለም። በግ ልጇን በመልክ አታውቅም፣ በጠረኗ ነው። መጽሐፍ የተማረ ልጅ ይህን አያጣውም፤ እሱም አላጣውም፣ ሽቶው ሽታ መሆኑን ነው የዘነጋው። ለእሱ እንደ አየር ሆኗል፣ አይሸተውም።

ተቀብዬ እናቷ አፍንጫ ሥር አስቀመጥኳት። በጓ አሸተተች። አነጠሰች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ልጄን የት አደረስክ የምትል ነው የምትመስለው። ከዚያ በግንባሯ ገጨቻት። ያቺ ሚጢጢ ተንከባለለች፣ ተነሣች፣ ጡት ፍለጋ እንደገና ሄደች። አሁንም ገጨቻት።

ባለቤቴ ጄሪካኗን አዝላ ገባች።

«ምንድን ነው የሸተተኝ?» አለች። ግልገሏን አየች። ጅራቷን አንሥታ ሴት መሆኗን አየች። ከዚያ በጓ ስትገጫት አየች። ጄሪካኑን አወረደች።

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሁሉንም ነገራት። ይቆጡኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ አልተቆጣችውም። ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ነህ።»

«እኔ ምን አደረግኩ? አውድማ አልነበርኩም?»

«አንተ ነህ። ይሄ ልጅ ከመጣ ጀምሮ በግ ያድናል፣ በግ ያድናል ስትለው። ይኸው፣ አዳነልህ።»

ጨው ካለባት እናቷ ትልሳት ይሆናል ብዬ፣ ጨው ላመጣ ቤት ገባሁ።

ጨው ነሰነስንባት። በጓ ጨዉን ልሳ ልሳ ጨረሰችና፣ አልቆ ሽቶው ሲደርስባት ገጨቻት። እንገሯን፣ የመጀመሪያ ወተቷን፣ አልበን ግልገሏን ቀባናት። የሎሚው ሽታ በእንገሩ ላይ ወጣ። በውሃ እንጠባት እንዳንል በዚያ ውርጭ አዲስ የተወለደች ግልገል ከታጠበች ከሰዓት አትደርስም። ሌላ የወለደች በግ በሰፈሩ የለችም። ባለቤቴ ግልገሏን ጋቢዋ ውስጥ ከተተቻት፤ እንገሩን በጣቷ እያጠባች እሳት ዳር ተቀመጠች። በጣት የምትውለው ግን ስንት ቀን ነው? የእናት ጡት ካላገኘች እንደማትከርም ሦስታችንም እናውቃለን።

ልጁ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሏል። ክንዱ በብርድ ሰማያዊ ሆኗል፤ ከሸሚዙ ጋር ገጥሟል። ማሾፍ ቢያምረኝም ያን ቀን ተውኩት።

ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ላም ጥጃ ሲሞትባት ቆዳውን ጭድ ሞልተን እናቆምላታለን። ልጄ ነው ብላ እየላሰች ትታለባለች። እንስሳ እንዲህ የሚታለል ከሆነ፣ ሽታውን ከልጅ ማንሣት ቢያቅተን እናቲቱ ላይ ብንጨምረውስ? ሁሉም አንድ ዓይነት ከሸተተ ማን ማንን ይለያል?

«ሽቶህን አምጣ» አልኩት።

ተነሥቶ ሮጠ። ጠርሙሷን ሲያመጣት የቀረው አንድ ጣት ያህል ነው። ሲሰጠኝ ትንሽ ዘገየ።

«ለገና አገሬ ስገባ ብዬ ነበር ያተረፍኳት።»

«ለገና ማን አለህ?» አለች ባለቤቴ ከእሳቱ ዳር። ልጁ ጠርሙሷን አየ። «እሺ፣ ስሟን አልጠየቅኩም» አለች። በዚያ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ ፈገግ ያለችው ያኔ ብቻ ነው።

በጓን በጉልበቶቼ መሀል ያዝኳት። ልጁ አፍንጫዋን፣ ጡቷን፣ ጅራቷን ቀባት። ሦስት ጊዜ አነጠሰች። ግልገሏን አመጣንላት። አሸተተቻት፣ ራሷን አሸተተች፣ ግራ ገባት። አልገጨቻትም፤ አልላሰቻትም። ግልገሏ ሁለት ጊዜ ሳብ ሳብ አድርጋ ጠባች። ባለቤቴ «ተመስገን» ማለት ጀምራ ሳትጨርስ፣ ቀትር ላይ የኛ አገር ነፋስ ተነሣ። ከእናቲቱ ላይ ሽቶውን ጠርጎ ወሰደው። ግልገሏ ግን ጋቢ ውስጥ ስለዋለች እንዳለች ሎሚ ነች። እንደገና ግጭ!

ጠርሙሷ ባዶ ነች። ዘመሮ ሱቅ ያለው የልብስ ሳሙና ነው። ዓለም ከተማ ወርዶ እስኪመጣ ግልገሏ አትቆይም። ልጁ ጠርሙሷን ገልብጦ መዳፉ ላይ ያንኳኳል። ምንም የለም።

ባለቤቴ ተነሥታ መጣችና አንገቱ ሥር አሸተተችው። እንደ በጓ ነው ያሸተተችው።

«የኔ ልጅ፣ ሽቶው ያለቀው ከጠርሙሱ ነው። ከአንተ ላይ መች አለቀ?» ኮሌታውን በሁለት ጣቷ ያዘች። «ይሄ የስንት ወር ነው? እዚህ ውስጥ ያለው አንድ መንጋ ይበቃል።»

ልጁ ገባው። ያንን ሸሚዝ አየ፣ ግልገሏን አየ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ደጉ ሸሚዜ ነው…» አለና ሳይጨርስ ቁልፉን መፍታት ጀመረ። በካናቴራ ቀረ። በዚያ ነፋስ! በርኖሴን አውልቄ ወረወርኩለት። ገብቶበት ጠፋ፤ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

በጓን አለበስናት። የፊት እግሮቿን በእጅጌው አሾለክን። ለሰው እጀ ጉርድ የሆነ ለበግ ጉልበቷ ድረስ ይመጣል፤ ልኳ ሆነ። ከሆዷ ሥር ቆለፍናት። እኔ ልለቃት ስል ልጁ «ይቆዩኝ አባባ» አለና ጎንበስ ብሎ ኮሌታዋን አስተካከለላት። ዐመል ነው፣ ምን ይደረግ።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ በአጥር ላይ ቆሞ ሲያይ ኖሯል።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለ። «የት መሥሪያ ቤት ተመደበች?»

ቀጥሎ ወደ ልጁ አየ።

«ይሄኛውስ ማነው በበርኖስ? እረኛ ቀጠራችሁ?»

«ሥቀህ ስትጨርስ ግባና ቀንዷን ያዝልን» አለችው ባለቤቴ።

«ሴት በግ ናት፣ ቀንድ የላትም።»

«እንግዲያው አፍህን ያዝ።»

ግልገሏን አቀረብናት። በጓ ኮሌታውን አሸተተች። ግልገሏን አሸተተች። ተመልሳ ኮሌታውን። ጎረቤቴ ሳይቀር በአጥሩ ላይ ተንጠራራ። ከዚያ ከጉሮሮዋ ያቺ በግ ለልጇ ብቻ የምታወጣት ዝቅ ያለች ድምፅ ወጣች፤ እምምም አለች። መላስ ጀመረች። ግልገሏ ከሸሚዙ ጫፍ ሥር ገብታ ጡቱን አገኘችና ጅራቷ ይርገበገብ ጀመር።

ሦስት ቀን በሸሚዝ ዋለች። ሸሚዝ ለብሳ ሣር ጋጠች፣ ሸሚዝ ለብሳ በረት አደረች። ወሬው ወጣ። ከራቤል በኩል ወደ ገበያ የሚያልፍ ሰው ሳይቀር መንገዱን ትቶ ወደ አጥራችን መጣ። አንዱ ገበሬ ጭራሽ ልቡ አምኖ፣

«ይሄ ሸሚዝ ለሁሉም በግ ነው የሚታደለው ወይስ ለተመረጠ?» ብሎ ጠየቀ።

ልጁ በበርኖሴ ውስጥ ሆኖ፣ ሳይስቅ፣ «ይመዝገቡ፤ ልካቸውን ይዘው ይምጡ» አለው። ከእኔ ነው የተማረው መሰለኝ። ትንሽ ኮራሁ።

በእነዚያ ቀናት ሌላም ነገር አየን። ልጁ ሽቶ የለውም፤ በርኖሱ ደግሞ የኔ ነው፣ የስንት ዓመት የበግ ሽታ ያለበት። በጎቹ አልሸሹትም። መሀላቸው ገብቶ ይቆማል፣ አፋቸውን ከፍቶ ጥርስ ያያል። ሯጭ ሳይፈልግ ስንቱን መድኃኒት አጠጣ።

«ይሞቃል» አለኝ፣ በርኖሱን ሰብሰብ አድርጎ። «ግን አባባ፣ ኮሌታ የለውም።»

በአራተኛው ቀን ጠዋት ነገሩ መጣ። ሸሚዙ ዕድሜ ልክ አይለበስም። ባለቤቴ «አንድ ቀን ይጨመር» ትላለች፤ እኔ «ዛሬ ይውለቅ» እላለሁ። እሷ ፈርታ ነው፤ እኔ ደግሞ አንድ ጊዜ ዛሬ ብያለሁ። ተጨቃጨቅን። ልጁ ከመሀላችን ገባ።

«እማማ፣ ግልገሏ ሦስት ቀን የእናቷን ወተት ጠጥታለች። አሁን እናቷ የራሷን ወተት ነው ከሷ ላይ የምታሸተው። ሽቶው ካለቀም ታውቃታለች።» ግልገሏን አየና፣ «ይመስለኛል» አለ።

«ይመስለኛል አትበላት!» አልኩት።

እሱው ተንበርክኮ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ፈታ። ሸሚዙ እንደ ሸሚዝ አልቀረም። ሾህ ቀዶታል፣ ጭቃ ይዞታል፣ አንድ ኪሱ የለም። በጓ ተራገፈች። ግልገሏ ከበረቱ ጥግ አይታ እየዘለለች መጣች። ከሥሯ ገባች። በጓ አንገቷን አዞረችና አፍንጫዋን ግልገሏ ጅራት ሥር አደረገች። አሸተተች። ረዘመ። ባለቤቴ ክንዴን ይዛለች፤ ጥፍሯ ይሰማኛል። ነፋሱ እንኳ ያን ጠዋት የቆመ መሰለኝ።

በጓ ፊቷን መለሰችና ሣር አነሣች። የኋላ እግሮቿን ከፈት አደረገች። ግልገሏ ጠባች።

ባለቤቴ ክንዴን ለቀቀችው። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ነካ አደረገች። ልጁ ያንን ብጥስጣሽ ሸሚዝ አጥፎ፣ ኮሌታውን ወደ ላይ አድርጎ፣ በብብቱ ያዘ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ማለት እንዳለብኝ ተሰማኝ።

«ልጄ፣ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነበር» አልኩት።

«ግማሹ?» አለች ባለቤቴ።

«ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል» አልኩ።

ከዚያ በላይ ከእኔ አፍ እንደማይወጣ ታውቃለች፤ አልጨቀጨቀችኝም። ጎንበስ ብላ የግልገሏን ሆድ ዳበሰች። ሞልቷል።